ኢፕ ማን፦ የዊንግ ቹኑ መምህር ሕይወትና የእኛ የማታ መንገድ

ባለፈው ክረምት ከአባሎቻችን አንዷ ከሥራ አምሽታ ሜክሲኮ አደባባይ ከታክሲ ወርዳ ወደ ቤቷ ስታዘግም አንድ ወጣት ሰንጢ መዝዞ መንገዱን ዘጋባት። በቦርሳዋ ውስጥ የዕለቱ የሻይ ቡና ሽያጭና በማግስቱ ለማኅበሩ የምታስገባው ቁጠባ ነበር። እሱ ቦርሳውን ሳበ፣ እሷም አልለቅም ብላ ሳበች። በግብግቡ መካከል ሰንጢው መዳፏን ሰነጠቃት። ቦርሳው ሄደ፣ እጇ ተሰፋ፣ ሊጥ ሳታቦካ ሳምንታት አለፉ።

በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባችን ቡናው እየተቀዳ ይህ ነገር ሲነሣ እያንዳንዳችን የምንናገረው አንድ አንድ ታሪክ ኖሮን ተገኘን። አንዳችን ከተግባረ ዕድ በስተጀርባ፣ አንዳችን ወደ ጨርቆስ በሚወስደው መንገድ፣ ሌላዋ ደግሞ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ። በተለይ ከካዛንቺስ ተነሥተው ወደ ከተማው ዳር የገቡት እኅቶቻችን መንገዳቸው ስለረዘመ፣ ሜክሲኮ ላይ ተሰልፈው ታክሲ ሲጠብቁ ይመሽባቸዋል። በዚያው ስብሰባ ራስን የመከላከል ሥልጠና ይኑረን የሚል ሐሳብ ቀረበ። አንዳንዶቻችን ሳቅን። የልጅ እናት፣ አልፎም የልጅ ልጅ ያላት ሴት፣ ኩንግ ፉ ልትማር ነውን? ሆኖም የአንዷ አባላችን ልጅ ዊንግ ቹን የሚባለውን የቻይና ጥበብ ለዓመታት የተማረች ስለሆነች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየመጣች ልታሠለጥነን ፈቃደኛ ሆነች።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጅቱ አንድ ፎቶ ይዛ መጥታ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ረጅም የቻይና ቀሚስ የለበሱ፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸው የሳሳ ሽማግሌ ናቸው። ንፋስ የሚጥላቸው ይመስላሉ። ይህ ሰው ለእኛ ምን ያስተምራል ብለን ጠየቅናት። የሚከተለው ከዚያ ጥያቄ የተነሣ ነው። ዓመታቱን አንባቢ እንዲቀለው በእኛ አቆጣጠር ጽፈናቸዋል።

የሀብታም ልጅ

ሽማግሌው ኢፕ ማን ይባላሉ። ልጆቻችን ከፊልም ያውቋቸዋል፤ የብሩስ ሊ መምህር ናቸው ቢባል ደግሞ የቪዲዮ ቤት ዘመንን ያየን እናቶችም እናውቃቸዋለን። የተወለዱት በ1886 ዓ.ም. በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግ ግዛት፣ ፎሻን በምትባል የንግድና የእደ ጥበብ ከተማ ነው። ቤተሰባቸው መሬትና ቤት ያለው ባለጸጋ ስለነበር በልጅነታቸው የጎደለባቸው ነገር አልነበረም።

የኢፕ ቤተ ዘመድ የሚሰበሰብበት አዳራሽ ነበር። በዚያ አዳራሽ ቻን ዋህ ሹን የተባሉ ሰው ዊንግ ቹን ያስተምሩ ነበር። የእኒህ ሰው መተዳደሪያ ገንዘብ መመንዘር ነበርና ሰዎች የሚጠሯቸው በዚሁ ሥራቸው ነበር። ጥበቡን የተማሩትም በፎሻን ታዋቂ ከነበሩ ሊዩንግ ጃን ከሚባሉ የባህል ሐኪም ነው። ሐኪምና ገንዘብ መንዛሪ መሆናቸውን እዚህ ላይ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ጥበብ ከወታደር ሰፈር ሳይሆን ከሠርቶ አዳሪ እጅ የመጣ መሆኑን ያሳያል።

ኢፕ ማን ወደ እኒህ መምህር የሄዱት ገና ልጅ ሳሉ ነው። መምህሩ በዚያን ጊዜ አርጅተው ስለነበር ኢፕ ማን የመጨረሻ ተማሪያቸው ሆኑ። እሳቸው ሲያርፉም ከቀደሙት ተማሪዎች አንዱ የሆነው ንግ ቹንግ ሶክ ልጁን ተረክቦ ማስተማሩን ቀጠለ።

የቶፉ ሻጩ ልጅ

ይህ ጥበብ ከየት መጣ ለሚለው ኢፕ ማን ለተማሪዎቻቸው የነገሩትና በጽሑፍም የተዉት ትውፊት አለ። በትውፊቱ መሠረት ንግ ሙይ የምትባል የቡድሃ እምነት መነኩሲት ነበረች። ጉልበተኛን ያለ ጉልበት የሚያሸንፍ ዘዴ ቀምራ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ቶፉ እየሸጠ ለሚኖር ሰው ልጅ አስተማረቻት። የልጅቱ ስም ዪም ዊንግ ቹን ነው። የሰፈሩ ጉልበተኛ ካላገባሁሽ ብሎ አስጨንቋት ነበር። ልጅቱ ተምራ፣ ገጥማው፣ ካሸነፈችው በኋላ የወደደችውን ሰው አገባች። ጥበቡም በስሟ ተጠራ ይባላል።

የታሪክ ሰዎች ይህን ታሪክ የሚያረጋግጥ ሰነድ አላገኙም። እኛም የምንነግረው እንደ ትውፊት ነው። ነገር ግን ልጅቱ ይህን ስትተርክልን አዳራሹ ጸጥ አለ። ከመካከላችን ጠለፋ የሚባለውን ነገር በስም ብቻ ሳይሆን በገዛ ገላዋ የምታውቅ አለችና። ሴት ልጅ የማትፈልገውን ሰው እምቢ እንድትል የተቀመረ ጥበብ አለ ብሎ አንድ ሕዝብ ለዘመናት ሲተርክ መኖሩ፣ ታሪኩ እውነት ባይሆን እንኳ፣ የዚያን ሕዝብ ጭንቀት ይናገራል። ጭንቀቱ ደግሞ የእኛም ነው።

ሆንግ ኮንግና መመለስ

ኢፕ ማን አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ወደነበረችው ሆንግ ኮንግ ተሻግረው ቅዱስ እስጢፋኖስ ኮሌጅ ገቡ። ከዚያ ዘመን የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። የውጭ አገር ተወላጅ የሆነ ፖሊስ መንገድ ላይ አንዲት ሴት ሲደበድብ አይተው ጣልቃ ገቡ፤ ፖሊሱ ሊመታቸው ሲሰነዝር ጣሉት፤ ከዚያም ከጓደኛቸው ጋር ወደ ትምህርት ቤት ሮጡ። ከመምታቱ ይልቅ መሮጡን ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን፤ ኋላ እንመለስበታለን። ጓደኛቸው ይህን ለአንድ ጎረቤት ሽማግሌ ሲነግር ሽማግሌው የዚያ የፎሻኑ ባህል ሐኪም ልጅ፣ ሊዩንግ ቢክ፣ ሆነው ተገኙ። ኢፕ ማን ለተማሪዎቻቸው ሲተርኩ ሁለተኛውን ትምህርታቸውን ያገኙት ከእኒህ ሽማግሌ ነበር።

በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ወደ ፎሻን ተመለሱ። ቻንግ ዊንግ ሲንግ የምትባል ሴት አግብተው ወንዶችና ሴቶች ልጆች ወለዱ። በፖሊስ ሥራም አገለገሉ። በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤት አልከፈቱም። እንጀራቸው ከሌላ ስለነበር ለጥቂት ወዳጅ ዘመድ ብቻ ያሳዩ ነበር። ሕይወታቸው እንደዚሁ ቢቀጥል ኖሮ ዛሬ ስማቸውን የሚያውቅ ባልኖረ።

በ1931 ዓ.ም. የጃፓን ጦር ፎሻንን ያዘ። ያን ጊዜ አዲስ አበባም በጣሊያን እጅ ነበረች። የምንሰበሰብበት አካባቢ ስሙን ያገኘው የሜክሲኮ መንግሥት ያን ወረራ ተቃውሞ ድሉን አላውቅም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዱ ስለነበር ነው። በዚያ ዘመን በቻይናም በእኛም አገር ባለቤት የነበረው ሰው በገዛ ቤቱ ስደተኛ ሆነ። የኢፕ ማን ቤተሰብም ሀብቱን አጣ፤ ረኃብም ቤታቸው ገባ። ፊልሙ መምህሩን ከጃፓን ጄኔራል ጋር በአደባባይ ያጋጥማቸዋል። ያ የፊልም ሠሪዎች ፈጠራ ነው። እውነቱ ከዚያ ያነሰ ያምራል፤ ግን ለእኛ ይቀርባል። ኢፕ ማን በዚያ ዘመን የሠሩት ትልቁ ሥራ ቤተሰባቸውን ይዘው ማለፍ ነው።

የሆቴል ሠራተኞች አዳራሽ

ጦርነቱ አልቆ ብዙ ሳይቆይ የእርስ በርሱ ጦርነት በኮሚኒስቶች አሸናፊነት ተፈጸመ። በቀድሞው መንግሥት ፖሊስ ሆነው የሠሩት ኢፕ ማን መቆየት ስላልቻሉ በ1942 ዓ.ም. በማካው በኩል ወደ ሆንግ ኮንግ ተሰደዱ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ስድስት ነበር። በዚያ ዕድሜ፣ በሰው አገር፣ ያለ ገንዘብ እንደገና መጀመር ምን እንደሆነ ከመካከላችን የሚያውቁ አሉ።

በሩን የከፈተላቸው ማኅበር ነው። የሆንግ ኮንግ ምግብ ቤት ሠራተኞች ማኅበር በካውሉን በኩል አዳራሽ ነበረው። በማኅበሩ ውስጥ ሊዩንግ ሸንግ የተባለ፣ ራሱ የሌላ ስልት አስተማሪ የሆነ ሰው ነበር። ሽማግሌውን ካያቸው በኋላ የራሱን ትቶ ተማሪያቸው ሆነ። በዚያው ዓመት ክረምት በማኅበሩ አዳራሽ የመጀመሪያው ክፍል ተከፈተ። ተማሪዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ምግብ አብሳዮችና አስተናጋጆች ነበሩ። በልጅነታቸው በቤተ ዘመድ አዳራሽ ተንደላቀው የተማሩት ሰው፣ በስተርጅና ከሥራ በኋላ ደክሞት ለሚመጣ ሠራተኛ እያስተማሩ በዚያ ክፍያ መተዳደር ጀመሩ።

ተማሪ ይመጣል፣ ይሄዳል። ቶሎ ውጤት የፈለገ ይተዋል። የማስተማሪያው ቦታም ከሰፈር ሰፈር ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። የጀመሩት ግን አልተቋረጠም።

ሕይወታቸውን በሙሉ እያሞገስን ማለፍ አይገባንም። በ1943 ዓ.ም. ገደማ ድንበሩ ሲዘጋ ሚስታቸው ፎሻን ቀረች፤ በ1952 ዓ.ም. ገደማም እዚያው አረፈች። እሳቸው በሆንግ ኮንግ ከሌላ ሴት ጋር ጎጆ ቀልሰው ወንድ ልጅ ወልደው ነበር። በዚህም ምክንያት የከፋቸው ተማሪዎች ነበሩ። ሁለቱ የፎሻን ልጆቻቸው ኢፕ ቹንና ኢፕ ቺንግ አባታቸውን እንደገና ያገኙት ከእናታቸው ሞት በኋላ፣ ከዐሥር ዓመት በላይ ተለያይተው ቆይተው ነው። ልጆቿን ይዛ የቀረችው የቻንግ ዊንግ ሲንግ ታሪክ በፊልም አልተሠራም። የስደት ወጪ ሲቆጠር እንዲህ ያለችው ሴት ሁልጊዜ ትረሳለች።

ከእንቅስቃሴ በፊት መቆም

በ1940ዎቹ አጋማሽ አንድ ወጣት የፊልም ተዋናይ ልጅ ወደ አዳራሹ መጣ። መንገድ ላይ መደባደብ የሚወድ ነበር። ብሩስ ሊ ይባላል። የእናቱ ወገን ከፊል አውሮፓዊ ስለሆነ አብረውት ለመለማመድ ያልፈለጉ ተማሪዎች ነበሩ። አብዛኛውን ልምምድ ያገኘው ከትልልቆቹ ተማሪዎች፣ በተለይም ከዎንግ ሹን ሊዩንግ ነው። በ1951 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄደ። ከዚያ በኋላ ያለውን ዓለም ያውቀዋል።

ኢፕ ማን እንዴት ነበር የሚያስተምሩት? የቀደሙት መምህራን ጥበቡን በፍልስፍና ቃላት ሸፍነውት ነበር። እሳቸው ያን አራገፉት። የሚገባ ነገር ብቻ እንዲቀር አደረጉ። ጥበቡ ባዶ እጅ የሚሠሩ ሦስት ቅርጾች፣ 116 እንቅስቃሴ ያለው የእንጨት ሰው ልምምድ፣ አንድ ረጅም ዱላና ጥንድ አጫጭር ቢላዎች አሉት። የመጀመሪያው ቅርጽ ስሙ ሲተረጎም ትንሿ ሐሳብ ማለት ነው። ጣቶችን ወደ ውስጥ አዙሮ፣ ጉልበት ሰበር አድርጎ፣ ከቦታ ሳይነቃነቁ እጅን ብቻ ቀስ አድርጎ ማንቀሳቀስ ነው። እንፋለማለን ብለን ለመጣነው ለእኛ የመጀመሪያው ወር ይኸው ብቻ ነበር። አንዳንዶቻችን ተሰላችተን ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው የአባቶች አባባል የገባን ያን ጊዜ ነው። ድንገት ሲደነግጥ ሰውነታችን የሚያደርገው ቀስ ብሎ የለመደውን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ አራት ነገሮች ተማርን።

አንደኛው የመሃል መስመር ነው። ከግንባር በአፍንጫ፣ በጉሮሮ፣ በደረትና በእምብርት የሚወርድ መስመር እንዳለ አስቡ። ለሕይወት የሚያስፈልገን ሁሉ በዚያ ዙሪያ ነው። ክርናችንን ሰብሰብ አድርገን ያን መስመር እንጠብቃለን፤ የተሰነዘረ ነገር ሲመጣ ደግሞ ሰውነታችንን አዙረን መስመሩን ከፊቱ እናሸሻለን።

ሁለተኛው ጉልበትን በጉልበት አለመግጠም ነው። ሲገፉን እንዞራለን፤ ሲስቡን እንከተላለን። መዳፏ የተሰፋው እኅታችን ይህን ስትማር ሳቀች፤ ከዚያም አለቀሰች። ያን ማታ ቦርሳውን መሳቧ ጉልበትን በጉልበት መግጠም እንደነበር ማንም ሳይነግራት ገባት። ጥፋቱ ግን የእሷ አይደለም፤ ሰንጢ የመዘዘው ሰው ነው። ይህን ሁላችንም ደጋግመን ነግረናታል።

ሦስተኛው መከላከልና መምታት በአንድ ጊዜ መሆን አለባቸው የሚለው ነው። አንዱ እጅ ሲመልስ ሌላው ይመታል። ደካማ ሰው ሁለት ዕድል አያገኝምና።

አራተኛው በመንካት መስማት ነው። ሁለት ሰዎች ክንዳቸውን አነካክተው እያሽከረከሩ አንዱ የሌላውን ሐሳብ በቆዳው ይሰማል። ሊጥ ያቦካች፣ ሕፃን ያሳደገች እጅ ይህን ከወንድ እጅ ቶሎ ትለምዳለች ስትል ልጅቱ አጽናንታናለች።

ከሰል የተቀባው ካርቶን

አሁን ወደ ቢላዋው እንምጣ። በዊንግ ቹን የመጨረሻው ትምህርት ጥንዱ ቢላ ነው። ኢፕ ማን ይህን ያስተማሩት እጅግ ለጥቂቶች ነው። ባዶ እጅ በመገናኘት ያሸንፋል። ክንድ ክንድን ይነካል፣ ይሰማል፣ ይቆጣጠራል። ስለት ግን የነካውን ሁሉ ይቆርጣል። ስለዚህ ቢላዋ የዊንግ ቹንን ዋና ብልኃት፣ መጠጋትን፣ ወደ አደጋ ይለውጠዋል።

ይህን በቃል ቢነግሩን አናምንም ነበር። አንድ ቅዳሜ ልጅቱ ካርቶን በቢላዋ መልክ ቆርጣ ጠርዙን በከሰል ለቅልቃ አመጣች። አሮጌ ነጭ ነጠላ ለብሰን ተራ በተራ እንድንከላከል አደረገችን። አንዷ ስታጠቃ ሌላዋ ትከላከላለች፣ ለግማሽ ደቂቃ ብቻ። ሲያልቅ ነጠላዎቻችንን ዘረጋን። ክንድ፣ ሆድ፣ አንገት፣ ሁሉም ጠቁሯል። በመጨረሻም ራሷ አሠልጣኛችን ገባች። ለዓመታት የተማረች ናት፤ ካርቶኑንም ከአጥቂዋ እጅ ነጠቀች። ግን የእሷም ክንድ ሁለት ቦታ ጠቁሮ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በመካከላችን ቢላዋ እነጥቃለሁ ብላ የምትፎክር የለችም።

ያን ጊዜ የሆንግ ኮንጉ ተማሪ ትዝ አለን፤ መትቶ ያልቆመው፣ የሮጠው። የቢላዋ መከላከያ ግቡ ቤት መግባት ነው። ስለዚህ በማኅበራችን የተስማማንበት ሥርዓት ይህ ነው።

ዕቃህን አምጪ ያለ ሰው ዕቃ ነው የፈለገው። ቦርሳውን ወይም ስልኩን በእጁ አንሰጠውም፤ ወደ ጎን ወርወር አድርገን እኛ ወደ ሌላው ጎን፣ ብርሃንና ሰው ወዳለበት፣ እንሮጣለን። ከመሞት መሰንበት። የጠፋውን ቁጠባ ማኅበሩ በጋራ ይመክርበታል። የሄደ ሰው ግን አይመለስም።

ለመሮጥ ካልተመቸ በእኛና በእሱ መካከል አንድ ነገር እናስገባለን። የቆመ መኪና፣ የሱቅ ወንበር፣ ጃንጥላ፣ ቦርሳ። ነጠላ ወይም ጃኬት በክንድ ላይ ተጠቅልሎ ከባዶ ቆዳ ይሻላል። እየጮኽን ወደ ኋላ እናፈገፍጋለን። ጩኸት አያሳፍርም።

መውጫ ከጠፋና ሰውየው ሊወጋ ከተነሣ ብቻ ልምምዳችን ሥራ ላይ ይውላል። ከመስመሩ ወደ ጎን እንወጣለን። የክንዳችንን ውስጠኛ ክፍል፣ ደም ሥሩ የሚታይበትን፣ ወደ ራሳችን አዙረን በውጭው አጥንት እንመልሳለን። ስለቱን ሳይሆን የያዘውን ክንድ በሁለት እጃችን ከሰውነታችን እናርቃለን። ጉልበቱን ወይም ፊቱን እንመታለን። ክፍተት ስናገኝ እንሮጣለን። ይህ በጽሑፍ አይለመድም፤ በአዳራሽ፣ ከሰው ጋር፣ ቀስ ተብሎ ነው። ተምረንም ዋስትና የለንም።

ከዚያ በኋላ ገላችንን እንፈትሻለን፤ የተወጋ ሰው በድንጋጤ ብዛት ላያውቀው ይችላልና። የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀን እንጫናለን። ስለቱ ሰውነት ውስጥ ከቀረ አንነቅለውም። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991 እንደውላለን።

አንዳንድ አባላት ሌባውን ብንጎዳው ተከሳሽ እኛ እንሆን ይሆን ብለው ጠይቀው ነበር። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል። ጥቃቱ ሕገ ወጥ፣ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል መሆን አለበት፤ መከላከሉም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። ሰውየው ሮጦ ከሄደ በኋላ ማሳደድና መደብደብ መከላከል አይደለም። ሕጉም ዊንግ ቹንም እዚህ ላይ አንድ ናቸው፤ ከሚያስፈልገው በላይ አትሂጂ ይላሉ።

1965 ዓ.ም.

ኢፕ ማን በስተመጨረሻ የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው። በ1959 ዓ.ም. ገደማ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው በሆንግ ኮንግ የዊንግ ቹን አትሌቲክ ማኅበርን መሠረቱ። በሰው ማኅበር አዳራሽ በጥቂት ሠራተኞች የተጀመረው ነገር በሕግ የተመዘገበ ቤት አገኘ።

የጉሮሮ ካንሰር ሲጸናባቸው አንድ ነገር ብቻ ቀራቸው። ከሞታቸው ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ከስተው፣ ደክመው፣ የፊልም ካሜራ ፊት ቆሙ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅርጾችና የእንጨቱን ሰው ልምምድ ሠርተው አሳዩ፤ እሳቸው ካለፉ በኋላ ትምህርቱ እንዳይዛነፍ ነው። ልጅቱ ያን ፊልም በስልኳ አሳይታናለች። ድምፅ የለውም። አንድ የታመሙ ሽማግሌ በቤት ልብስ ሆነው እጃቸውን ቀስ አድርገው ያንቀሳቅሳሉ። የቢላዎቹን ትምህርት በዚያ ፊልም ላይ አላሳዩም።

ኅዳር 23 ቀን 1965 ዓ.ም. በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 13 ቀን ብሩስ ሊ በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ሞተ። በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ውስጥ መምህርም ተማሪም አለፉ።

በሕይወታቸው ውስጥ ያሉት የአዳራሽ ሰዎች አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። በሴት ስም የተጠራው ጥበብ ለረጅም ዘመን በወንዶች እጅ ቆየ። ሆኖም ጥበቡ ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ እየዞረ ዛሬ ሜክሲኮ ደርሷል። ሻይ የምትሸጠው፣ እንጀራ የምትጋግረው፣ ቢሮ የምታጸዳው ሴት ቅዳሜ ከሰዓት ጫማዋን አውልቃ ትንሿን ሐሳብ ትሠራለች።

መዳፏ የተሰፋው እኅታችን አሁን አንድም ቅዳሜ አትቀርም። አሁንም ታመሻለች፤ ኑሮው አልተለወጠም። የተለወጠው ከሜክሲኮ ብቻዋን አለመሄዷ ነው። በዚያ መስመር የሚያመሹ አራት አባላት ሰዓት ቆርጠው፣ ታክሲ ሰልፉ ጋ ተጠባብቀው፣ አብረው ይሄዳሉ። ይህን ማንም አላስተማራቸውም፤ ከከሰሉ ቀን በኋላ ራሳቸው የመከሩት ነው። የማኅበሩ ቁጠባም በስልክ እንዲገባ ተወስኗልና በቦርሳ ገንዘብ ይዞ ማምሸት ቀርቷል።

ሥልጠናው ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይቀጥላል። ዕድሜ አይገድብም፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶች ወንበር ላይ ተቀምጠው የእጁን ብቻ ይሠራሉ። ስታስቡን የኖራችሁ ደጋፊዎቻችንም ብትመጡ ደስ ይለናል። አሮጌ ነጭ ነጠላ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ከሰሉ ከእኛ ነው።